የጭን አጥንት ልክ

ቄሱ በመቃብሩ ራስጌ ቆመዋል። ሁለት ቆፋሪዎች ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው። የሟች ታናሽ ወንድም አዲስ ጆንያ ይዞ በግርጌ በኩል ቆሟል። የሟች ሚስት፣ ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤቴ፣ ከጥዱ ሥር ሸክላዋን አቅፋ ተቀምጣለች። እኔ ከኋላዋ ነበርሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሊሰፋ ስለሆነ በዚያ በኩል ያሉት መቃብሮች ሁሉ እየተነሡ ነበር። ሌላው ሰው የዘመዱን አጽም በጆንያ ወይም በሳጥን ነው የሚያነሣው። እሷ ግን ባሌን በእጄ ሥራ ካልሆነ አላስነሣም ብላ ወሩን ሙሉ ስትለፋ ከረመች። የሠራችው ክዳን ያለው፣ እንደ ቀፎ የረዘመ ሸክላ ነው።

ሥራውን ስትጀምር ክር ይዛ ቤቴ መጥታ፣ «ቁሚ» አለችኝ።

«ለምን?»

«እሱ በቁመት ካንቺ ጋር እኩል ነበር። ሰቆጣ ገበያ ከኋላሽ አይቼሽ ደንግጬ አውቃለሁ።»

ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ ለካችና ክሩን ቋጠረች። ከሰው አጥንት ረጅሙ የጭን ነው፤ እሱ ከገባ ሌላው ይገባል። ሸክላ ደግሞ ሲደርቅ ያጥራል፣ ሲተኮስም ያጥራል። የመጀመሪያው ከእሳት ሲወጣ ከክሩ ሁለት ጣት አንሶ ተገኘ፤ ሰበረችው። ሁለተኛውን አስረዝማ ሠራች። ውስጡን በጠጠር ስታለሰልስ አይቼ፣ «ማን ሊያየው ነው?» አልኋት።

«እሱ ይተኛበታል እንጂ አያየውም» አለች።

በዕድሜዬ ብዙ ሸክላ ገዝቻለሁ፤ እንዲያ የተሠራ አላየሁም።

አሁን በመቃብሩ ዳር የሟች ወንድም ሸክላውን ትክ ብሎ አይቶ፣ «እትዬ፣ ንብ ሊያሰፍሩበት ነው እንዴ?» አለ።

«አንተ ጆንያህን ያዝ።»

ቄሱ አልሳቁም። «አጥንት አይሰበርም። ካልገባ በጆንያ ይሆናል» አሏት።

«እሺ አባቴ።»

ቆፋሪዎቹ አጥንቱን አንድ በአንድ ሲያቀብሏት አፈሩን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነጭ ጨርቅ ላይ አኖረችው። እጇ ሸክላ ስትሠራ እንደሚሄደው ነው የሄደው፤ አልቸኮለም፣ አልቆመም። የጭኑ አጥንት ሲወጣ መጀመሪያ እሱን አስገባች። እኔ ሳላውቀው ጭኔን ይዤ ነበር። ሌላውን አስከትላ ክዳኑን አስቀመጠችበት፤ ገጠመ። የሟች ወንድም ጆንያውን አጣጥፎ በብብቱ ሥር አደረገው።

በአዲሱ ቦታ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ክሩን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ።

«ያዢው፤ ላንቺም ይሆናል።»

ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።