በካራቫኑ ጀርባ የታሰሩት ብስክሌቶች

ይህን የምጽፈው ታላቅ ወንድሜ ስለዚያ ቀን መናገር ስለተወ፣ በቦንጋ ግን ስለዚያ ቀን የሚነገረው ሁሉ ስህተት ስለሆነ ነው። ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር ይባላል፤ አልጠጣም። ገመዱ ያረጀ ነበር ይባላል፤ በዚያው ሳምንት ከገበያ የተገዛ አዲስ ገመድ ነበር። ወንድሜ ብስክሌቶቹን መንገድ ላይ ሸጦ ሲያበቃ «ገደል ገቡ» አለ የሚሉም አሉ። ያየሁትን ግን እንደ ቅደም ተከተሉ መጻፍ እችላለሁ።

ወንድሜ ብስክሌት ያከራይ ነበር። ሰባት ነበሩት። ቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁባት ከተማ በመሆኗ ልጅ ብስክሌት የሚማርበት ደልዳላ ቦታ እንደ ልብ አይገኝባትም፤ እሱ ለዓመታት የሠራበት ሜዳም ለግንባታ ተፈልጎ በቆርቆሮ ታጠረ። ከዚያ በኋላ ብስክሌቶቹ በእናታችን ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጎን፣ ላስቲክ ለብሰው ቆሙ። የሚነዳቸው ባይኖርም ወንድሜ በየማለዳው ላስቲኩን እየገለጠ ጎማቸውን ይነፋ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ ስለነበር የመንፊያውን ድምፅ ከመኝታዬ እሰማው ነበር።

በመጨረሻ ከዋጫ ከተማ ተስፋ መጣ። ከአንድ ሰፊ ሜዳ አጠገብ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ለሚደራጁ ሰዎች የቆርቆሮ ሼድ ይሰጥ ነበር። ቦታውን የሚያስረክቡት ባለሙያ ያስቀመጡለት ግዴታ አንድ ብቻ ነው፤ የሚሠሩ ቢያንስ አምስት ብስክሌቶች ሰኞ ጠዋት በቦታው ቆመው መታየት አለባቸው። ከአምስት ካነሱ ሼዱ ለቀጣዩ ተረኛ፣ ወፍጮ ሊተክል ለሚፈልግ ሰው ያልፋል። ሰባት ያለው ሰው ስለ አምስት አይጨነቅም፤ ወንድሜም አልተጨነቀም።

በዚያ ዘመን የአስፋልቱ ሥራ ወደ ዋጫ አቅጣጫ እየገፋ ስለነበር ሥራ ተቋራጩ ካምፑን ያዛውር ነበር። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ከመሐል አገር የመጣ፣ ጠጉሩ ሸበት ያለ ሰው፣ የወንድሜ ደንበኛ ነበር። እሑድ እሑድ እንደ ልጆቹ ተራውን ጠብቆ ብስክሌት ይከራይና ሜዳውን በዝምታ ይዞር ነበር። ይህ ሰው የመንገድ ቀያሹን ካራቫን በፒክአፕ ጎትቶ ወደ ዋጫ እንዲወስድ ታዘዘ። ካራቫኑ በሁለት ጎማ የሚሄድ፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ ትንሽ ነጭ ቤት ነበር። «የአንተንም ጉድ አብሬ አደርስልሃለሁ» አለው ወንድሜን። ዋጋ አልጠየቀም።

እሑድ ማለዳ በዝናብ ጫንን። ብስክሌቶቹን ካራቫኑ ውስጥ ማስገባት አልተቻለም፤ በውስጡ የቀያሹ መሣሪያዎች ስለነበሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉም ቀድሞ ከሄደው ቀያሽ ጋር ነበር። የፒክአፑን ጭነት ቦታ ጄኔሬተርና ድንኳን ይዞት፣ የተረፈው ለሁለት ብስክሌቶችና ለእኔ ብቻ በቃ። አምስቱ ከካራቫኑ ጀርባ፣ ወደ ጣሪያው በሚያወጣው የብረት መሰላል ላይ ታሰሩ። ሹፌሩ ክብደት ወደ ኋላ ሲበዛ ተጎታች ጭራው እንደሚወዛወዝ ደጋግሞ ተናገረ፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ግን ቀስ ብሎ ለመንዳት ተስማማ።

ወንድሜ በጥንቃቄ ረገድ ያጎደለው ነገር አልነበረም። ፔዳሎቹን ፈታ፤ መሪዎቹን አዞረ፤ የአንዱን ፊት ከሌላው ኋላ ጋር እያፈራረቀ ደረደረ። ባለሙያው ሲያዩአቸው ቀለማቸው የተላጠ እንዳይሆን አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ እየቀደደ ብረት ከብረት የሚነካካበትን ቦታ ሁሉ ጠቀለለ። ለማሰሪያ ይሆን የነበረው ካላማዳሪ በሙሉ በዚህ አለቀ። ለማሰሪያ የቀረን የቃጫ ገመድ ነው። በእኛ አገር አጥርም፣ የቤት ማገርም፣ የቡና ጆንያም የሚታሰረው በቃጫ ነው፤ ቃጫ ደግሞ የሚታሰረው ርሶ ነው፤ ደረቁ ለእጅ አይታዘዝም። ዝናቡ አራሰልን። እግራችንን ካራቫኑ ላይ አስደግፈን ሁለታችንም ሳብን። ሹፌሩ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ካራቫን ነበር ያስያዙኝ፤ እናንተ የሰርግ መኪና አደረጋችሁት» አለ ሹፌሩ።

ከመንገዱ ማዶ በጃንጥላ ሥር ዳቦ የሚሸጡ አንዲት እናት ግን የሚሳለቁት በወንድሜ ነበር። «ሰባት ሳይክል ያለው ሰው መኪና ይለምናል? አንዱን አይነዳም?»

«ስድስቱን ማን ይነዳልኛል፣ እትዬ?» አላቸው። በዚያ ቀን ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወንድሜ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። እኔ ከላይ፣ ጄኔሬተሩን ተደግፌ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ነበር። ከፊቴ የካራቫኑ ነጭ ግንባር ይታየኛል፤ ከጀርባው ያሉት አምስቱ ግን አይታዩኝም። ለሹፌሩም በመስታወቱ ውስጥ ካራቫኑ ብቻ ነበር የሚታየው።

መንገድ ላይ ያለችውን ሺሺንዳን ካለፍን በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ሹፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ፈጣሪን አመሰገነ፤ እኔም ለዝናቡ ከለበስኩት ላስቲክ ወጥቼ ተዘረጋሁ። ለረጅም ጊዜ ሞቀን። ቃጫ ሲርስ አጥሮ እንደሚጠብቅ፣ ሲደርቅ እንደሚላላ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ነገር ግን አጥር ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ የላላውን በማግስቱ ተመልሶ ማጥበቅ ይቻላል። ይህ እውቀት መንገድ ላይ ለማናችንም አልታወሰንም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ከኋላችን አንድ የጭነት አይሱዙ ደርሶ ጥሩምባ ይነፋ ጀመር። ማለፍ የፈለገ መሰለን። ሹፌራችን ዳር ይዞ በእጁ «እለፍ» አለው። አላለፈም፤ መንፋቱንም አላቆመም። እኔም በልቤ ተሳደብኩ። በቀኛችን ለመንገዱ የተቆረጠው ቀይ አፈር እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በግራችን ገደል ነው፤ የካራቫኑ ጥላ በላዩ ላይ ይሄዳል። ያን ጥላ ሳየው ከጫፉ ክብ ነገር ወጥቶ ይወዛወዝ ነበር። መንኮራኩር ነበር።

የጋቢናውን ጣሪያ ደበደብኩ። መኪናው አልቆመም። ካራቫኑ የራሱ ፍሬን የለውም፤ አዲስ የተደፋው ገረጋንቲ ደግሞ ከላይ ቢደርቅም ከሥሩ ጭቃ ነበር። ሹፌሩ በመስኮት ጮኾ የተናገረው እስካሁን በጆሮዬ አለ፤ «እዚህ ላይ ፍሬን ብይዝ ይገፋናል። ሁላችንም ነው የምንገባው።»

ወንድሜ በሩን ሊከፍት ሲታገል በጋቢናው የኋላ መስታወት አየሁት። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የወንድሜን ጃኬት ይዞ ነበር።

በመጀመሪያው ኩርባ ካራቫኑ ጭራውን ወደ ገደሉ ሲያወጣ አንድ ብስክሌት በግራ በኩል ተስፈንጥሮ ወጣ። ምንም ድምፅ አልሰጠም፤ ቅጠሉ ተቀበለው። ወንድሜ በመስታወቱ ውስጥ ዞሮ ዓይኔን ያይ ነበር። አንድ ጣት አሳየሁት። በሚቀጥለው ኩርባ ሁለተኛው ሄደ፤ ሁለት ጣት አሳየሁት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየኝ። ይቆጥር ነበር። እኔም ቆጠርኩ፤ ከእኔ ጋር ያሉት ሁለቱ፣ ከኋላ የቀሩት ሦስቱ፣ አምስት። አሁንም ይበቁ ነበር።

ሦስተኛው ቶሎ አልወደቀም። በአንድ ቋጠሮ ተንጠልጥሎ፣ ጥላው በቀዩ አፈር ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ ከእኛ ጋር ብዙ ርቀት ወረደ። እጄን ዘረጋሁ። በመካከላችን አንድ ሙሉ ቤት ነበር፤ ሆኖም እጄን ዘርግቼ ቆየሁ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ድልድይ ሲታየኝ ጥላው ባዶ ሆነ፤ ከኋላ የብረት መሰበር ተሰማ፤ ጥሩምባውም ዝም አለ። ወንድሜ በመስታወቱ እያየኝ ነበር። ሦስተኛውን ጣት ለማንሳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ድልድዩ ጋ ቆምን። የአይሱዙው ሹፌር ወጣት ነበር፤ ከመኪናው ሥር ያወጣውን ብስክሌት በሁለት እጁ ተሸክሞ መጥቶ ወንድሜ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ስንት ጊዜ ነፋሁልህ፣ ጋሼ» አለው ሹፌራችንን።

«ማለፍ የፈለግህ መስሎኝ።»

«ሳይክሎቹ እየተፈቱ ነው ለማለት ነበር።»

ሦስታችንም ቁልቁለቱን በእግር መልሰን ወጣን። ሁለቱ ከወደቁበት ቦታ አጠገብ ማር ሊያወርድ የመጣ ገበሬ አገኘን፤ ወንድሜ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ አናገረው። ገበሬውም ጫካው እስከ ወንዙ ድረስ መውረጃ እንደሌለው፣ የጠፋች ጥጃ እንኳ ከዚያ እንደማትፈለግ ነገረው። አንዱ መንኮራኩር በዛፍ አናት ላይ ተሰቅሎ ይታየን ነበር፤ ነፋስ ሲነካው ይዞራል። ወንድሜ ሹፌሩ በቀስታ ክንዱን እስኪይዘው ድረስ መንኮራኩሩን ሲያይ ቆየ።

በዚያው ቀን ዋጫ ስንደርስ የሚዋስ ብስክሌት ጠየቅን። አላገኘንም። ወንድሜ የተጨፈለቀውን ለማቅናት ሞከረ፤ አንገቱ ግን ተሰብሮ ነበር። ሰኞ ጠዋት አራቱን ደርድሮ አቆመ፤ አምስተኛውን ግድግዳ አስደገፈው።

ባለሙያው በሰዓታቸው መጡ። ትሑት ሰው ነበሩ። የእያንዳንዱን ጎማ በጣታቸው እየተጫኑ ሄደው ከአምስተኛው ዘንድ ቆሙ።

«ይህኛው ይሄዳል?» አሉት።

ይሄዳል ሊላቸው ይችል ነበር፤ አንሥተው አያዩትም ነበር። ወንድሜ የተሰበረውን አንገት አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አይሄድም፣ ጋሼ» አላቸው።

እሳቸውም እንዳዘኑ፣ አምስት የሚለውን ቁጥር ያወጡት ግን እሳቸው እንዳልሆኑ ነገሩን። የወፍጮው ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እንዳላየን ሆኖ ወደ መንገዱ ዞረልን።

አራቱ ወደ ቦንጋ ተመልሰው በእናታችን ጓሮ ላስቲክ ለብሰዋል። ጎማቸውን የሚነፋ የለም።

የጠፋው፦ ሦስት ብስክሌት። አንድ ቦታ።