ከጎማው ሥር የጠፋው ክብ

የአክስቴ ባል ቀለም ቀቢ ነው። ሰፈሩ «ጥፍሬ» ይለዋል፤ የትኛውም በር፣ የትኛውም የቆመ መኪና አጠገብ ሲደርስ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን ሳያደርግበት አያልፍም። በሠርጌ ቀን እንኳ ሙሽሪትን ይዛ የመጣችውን መኪና ጫር አደረገና «ይቺ አንዴ ተገልብጣለች» ብሎ ሹክ አለኝ። ሙሽሪት ሰማች። መንገዱን ሁሉ የበሩን እጀታ ጨብጣ ሄደች።

እኔ ጋሼ ነው የምለው። ቀልደኛ ነው፣ ለሰው አዛኝ ነው፤ ቂም ሲይዝ ግን አይለቅም።

በጉልምስናው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጋራዥ ሠርቷል። ከባለጋራዡ ጋር የጀመሩት አብረው ነበር፤ አንድ ኮምፕሬሰር ለሁለት እየተጋሩ፣ በአንድ ሳህን እየበሉ። አንድ ቀን መሬት እየለካ ጫካ ለጫካ የሚዞር ቀያሽ አሮጌ አገር አቋራጭ መኪናውን ሊያስቀባ አመጣ። የጣሪያዋ ጠርዝና የበሮቿ ሥር ዝጓል። ጋሼ ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ ነጥቶ ይውጣ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ ሁለት ቀን ይድረቅ አለ።

«ነገ ጠዋት ሊወስዳት ነው። በላዩ ላይ ቀለሙን ንፋበት» አለው ባለጋራዡ።

«ይላጣል።»

«ሲላጥ እኔ አለሁ።»

ነፋበት። ስድስት ወር ሳይሞላ ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ እየተቀረፈ ወረደ። ቀያሹ መጥቶ ጋራዡን በጩኸት ሲያናውጠው ባለጋራዡ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጣቱን ወደ ጋሼ ቀሰረ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ? ይሄ ሰውዬ ጠጥቶ ነው የሚገባው። እጁን አያዩትም? ይንቀጠቀጣል እኮ!»

ጋሼ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ክው ብሎ ቀረ። አጠገቡ የነበረው ባትላሜራ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጓደኛው፣ መዶሻውን እያገላበጠ መሬት መሬት አየ። በዚያው ቀን ተባረረ። ወሬው በከተማው ያሉትን ጋራዦች በሙሉ ቀድሞት ደረሰ። ሥራ ሊጠይቅ ሲገባ ሰዎቹ ከፊቱ በፊት የሚያዩት እጁን ነበር። እሱም ሲያዩት ጊዜ፣ ምን ያድርግ፣ እውነትም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አሥራ አንድ ዓመት የግቢ በርና የመስኮት ብረት ቀባ። አክስቴ የተማሪ ልብስ እየሰፋች ቤቱን ደገፈች። ጠዋት ጠዋት ፂሙን ሲላጭ በመስታወቱ ውስጥ «ቆይ ብቻ» ይላል። ለማን እንደሆነ ስለምናውቅ አንጠይቀውም።

አሮጌ አገር አቋራጭ መኪናዎችን ማጥናት የጀመረውም በነዚያ ዓመታት ነው። የሰው ግቢ በር ሲቀባ ከውስጥ አንዷ ቆማ አያጣም። መሰላሉ ላይ እንዳለ ጣሪያዋን ከላይ ያያል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቱን አስፈቅዶ ዙሪያዋን ይዞራል።

«የፋብሪካ ቀለም ዝም ብሎ አያረጅም፤ ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው» ይለኝ ነበር። ፀሐይ የምትመታው ከላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ጣሪያውና ኮፈኑ ነው፤ በእጅ ሲታበስ መዳፍ ላይ እንደ ጠመኔ ብናኝ ይቀራል። ጎኖቹ ዘግይተው ይከተላሉ። የሹፌሩ ክንድ የሚያርፍበት የበር ጫፍ ይሟሽሽና ከሥሩ ያለው ግራጫ መነሻ ቀለም ይወጣል። ከጎማዎቹ ኋላ ጠጠር የነቀሰው ነጠብጣብ አለ። ነዳጅ መሙያው ሥር የፈሰሰ ነዳጅ ያጠቆረው መስመር አለ። ጣሪያው ላይ ካለው የውኃ መውረጃ፣ ከብየዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ ቡናማ ዝገት ይንጠባጠባል። የበሩ ላስቲክ ገለጥ ሲል ግን ቀለሙ ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ያበራል፤ ፀሐይም እጅም አልደረሰበትም። «የሚያጭበረብር ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው» ይላል ጋሼ፤ «ማስረጀቱን ያውቅበታል፤ ሳያረጁ መቅረት ያለባቸውን ቦታዎች ግን ይረሳል።»

ጊዜው ተለወጠና ሰዎች ያልተቀባች አሮጌ መኪና መፈለግ ጀመሩ። የደበዘዘች፣ የተጫረች፣ የፋብሪካ ቀለሟ ያልተነካ። ማኅበር አቋቋሙ፤ በዓመት አንዴ ሜዳ ላይ ተሰብስበው መኪናዎቻቸውን ያሳያሉ፤ ቀለሟ ያልተነካ ለሆነች ማኅበሩ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ያ ባለጋራዥ አዲሱን ገበያ ቀድሞ አሸተተው። የዛገ ይገዛል፣ ያስጠግናል፣ ያስቀባል፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እያስፈገፈገ ያስረጃል። «እጅ ያልነካት» እያለ ይሸጣል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ያ ቀያሽ ሆኖ ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል። የግቢውን በር የሚቀባለት ሲያፈላልግ ሰው ጋሼን ላከለት። አላወቀውም። ጋሼ ግን ገና ከበሩ ሲገባ አውቆታል። አንድም ነገር ሳይተነፍስ የበሩን ዝገት ሁለት ቀን ሙሉ ሲፍቅ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ቀያሹ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኧረ ወዳጄ፣ በላዩ ላይ አይቀባም እንዴ?»

«አንዴ በላዩ ላይ ቀብቼልዎት ነበር። ተላጠ።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «አንተ… ያ ጠጪው?»

«ጠጪው አይደለሁም። ቀለም ቀቢው ነኝ።»

ከሰዓቱን ሙሉ ሲያወሩ ቆዩ። ቀያሹ የዚያን ቀን እውነቱን ሰምቶ አፈረ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ለማኅበሩ መኪናዎቹን እንዲመረምር ለመነው። በዚያ ዓመት ለምስክር ወረቀት የቀረቡትን ዝርዝር ሲያነብለት ከታች የባለጋራዡ ስም ወጣ።

«ይቺን ሌላ ሰው ይያት?» አለው ቀያሹ።

«የለም፤ እኔ ነኝ የማያት።»

ወሬው ደርሶት ኖሮ ትርዒቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ባለጋራዡ ቤት ድረስ መጣ። ፍራፍሬ ይዟል። አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ወንበር አሳየችው።

«ያለፈው አለፈ» አለ። «ሁለታችንም አርጅተናል። አብረን ስንት ነገር አይተናል፣ አይደለም?»

«መኪናዋ ንጹሕ ናት?» አለ ጋሼ።

«እንዴ! ጣት አልነካትም!»

«እንግዲያው ምን አስፈራህ? ይዘሃት ና።»

ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ። ፍራፍሬውን አክስቴ ለጎረቤት ልጆች አደለችው። ጋሼ እንዳያመጣት ሊነግረው ይችል ነበር። በአንዲት ቃል። ይህን ስጠይቀው ፊቱን አላዞረም፤ «ካላመጣት የት አገኘዋለሁ?» አለኝ።

ትርዒቱ በእሑድ ረፋድ ነበር። ጋሼ ያለችውን አንድ ኮቱን ለበሰ። ሠላሳ ምናምን መኪና በሰልፍ ቆሟል። አንድ በአንድ ሲያይ፣ ሲዳስስ፣ ላስቲክ ሲገልጥ፣ ሰው እየተከተለው በዛ። የባለጋራዡን መኪና በሰልፉ መካከል ቆማ ሳለ ሆን ብሎ ዘለላት። ለመጨረሻ አቆያት፤ ሰው እስኪሞላ።

ፈዛዛ አረንጓዴ ነበረች፤ እኔን ብትጠይቁኝ እውነተኛ አሮጌ ነበር የምላችሁ። ጋሼ ጣሪያዋን አበሰ፤ ብናኝ መዳፉ ላይ ቀረ። ባለጋራዡ ፈገግ አለ። ጎኗን አበሰ፤ እኩል ብናኝ።

«ጎኗም እንደ ጣሪያዋ ደብዝዟል» አለ ጋሼ። «ይቺ መኪና በጎኗ ተኝታ ነው እንዴ የኖረችው?»

ሰው ሳቀ። ባለጋራዡም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ።

«የኋላውን ጎማ አውርድ።» የኋላ በሯ ላይ የተንጠለጠለውን ተጠባባቂ ጎማ ማለቱ ነው።

«ለምን? ጎማ ምን ያደርግልሃል?»

«አውርደው። ራስህ አውርደው።»

በነጭ ሸሚዙ ከብሎኖቹ ጋር ሲታገል ሁሉም ያያል። ላብ አጠመቀው፤ ጎማውን ሲያወርድ ደረቱ ላይ ጥቁር ተለቀለቀ። ጋሼ አላገዘውም፤ ሌላ ሰው ሊያግዝ ሲል በክንዱ ከለከለው። ጎማው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ቀለም እንደ ሌላው ገላዋ ፈዞ፣ ተፈግፍጎ ታየ። ደማቅ ክብ የለም።

«እዚህ ጋ» አለ ጋሼ በጥፍሩ እያሳየ፣ «ሠላሳ ዓመት ጎማ ጥላ የሆነበት ክብ መኖር ነበረበት። ፀሐይ ጎማውን ፈትታ ገብታ ነው?»

ሳቅ የለም አሁን። ባለጋራዡ ዞር ዞር አለና ከኋላው ጨርቅ ይዞ የቆመ ሽበታም ሠራተኛውን አየ። ጣቱን ቀሰረ።

«ይሄ ነው! ይሄ ሰካራም ነው ጉድ የሠራኝ! እኔ ምን አውቃለሁ?»

ጋሼ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ያንን ሁሉ ዓመት ያሰበው ስለ ባለጋራዡ ብቻ ነበር፤ የቀለም መርጫውን ስለያዘው ሰው አንድ ቀን አስቦ አያውቅም። ሽበታሙ ጨርቁን የያዘው እጁ ይርገፈገፋል።

«ወንድሜ» አለው ጋሼ ቀርቦ፣ «ዝም አትበል። እኔ ዝም ብዬ ነው የተበላሁት። ማነው ያዘዘህ?»

ሰውየው በያዘው ጨርቅ ወደ ባለጋራዡ አመለከተ። «እሱ። መጀመሪያ ጎማውን አስረን እንፈግፍግ ብዬው ነበር። ጊዜ የለም አለኝ።»

ጋሼ ወደ ባለጋራዡ ዞረ። «አሁን ስለ ሊቀመንበሩ የድሮ መኪና ንገራቸው። ማን በላዩ ንፋበት እንዳለ።»

ባለጋራዡ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«አልሰማሁም።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እዚያ ጥግ ያሉት አልሰሙም።»

ሦስት ጊዜ አስባለው። በሦስተኛው ድምፁ ተሰነጠቀ። ብዙ ሰው አቀርቅሮ ነበር፤ ጋሼ ግን ዓይኑን ከሰውየው ላይ አልነቀለም። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» አለኝ ስንመለስ፤ ያለ ፈገግታ።

ማኅበሩ ባለጋራዡን አገደው። የገዙት ሰዎች መኪናዎቻቸውን እየነዱ መለሱለት፤ ግቢው ጠበበው። ዓመቱ ሳያልቅ ጋራዡ ተዘጋ። ጋሼ መንገዱ ባይሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል እየዞረ የተቆለፈውን በር ያይ ነበር።

ሽበታሙ ቀለም ቀቢ ግን ሥራውን አጥቶ አንድ ቀን ቤት መጥቶ ጮኸ። «አንተ ቂምህን ተወጣህ! እኔስ? የኔን ልጆች ማን ያብላ?» ጋሼ በማግስቱ ወደ ቀያሹ ይዞት ሄደ። አሁን የማኅበሩን ሰዎች መኪናዎች ሁለቱ ናቸው የሚንከባከቡት። ያ ሰው እስካሁን ብዙም አያናግረውም፤ ሥራውን ግን ጋሼ «ከኔ ይበልጣል» ይላል።

ባለፈው ዓመት ጋሼን ለዓይኑ ወደ ክሊኒክ ወስጄው ነበር። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ባለጋራዡ ምርኩዝ ይዞ ተቀምጧል። ከስቷል። ሲያየን ለመነሳት ሞከረ።

«ይቅር በለኝ» አለ። «በፈጣሪ፣ ይቅር በለኝ።»



«አልልህም» አለው ጋሼ፤ ወደ ተራችን ሄድን።

ቤት ስንደርስ ለአክስቴ ነገርኳት። ሽማግሌ ሰው፣ የታመመ ሰው፣ እንዴት እንዲህ ይባላል ብላ የምትቆጣው መስሎኝ ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እኔ ብሆን» አለች፣ «መልስም አልሰጠውም ነበር።»