ውሃ አንጠጣም

የውሃ መርማሪዎቹ መንደራችን ሲመጡ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናውን ወድቄ ቤት ተቀምጬ ነበር። ላሊበላ ወጥቼ መስቀል ልሽጥ ብል ቱሪስት የለም። አንብቦ የሚጽፍ የአካባቢው ሰው ይፈለጋል ሲባል እጄን ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከገነተ ማርያም መንገድ ወረድ ብሎ ያለው መንደራችን የሚጠጣው ከአንድ የእጅ ፓምፕ ነው። ውሃው ከአለቱ ዩራኒየም የሚባል ነገር ይዞ ይወጣል ተብሎ ተጠረጠረ። ማንም አልጨመረበትም፤ ድንጋዩ ራሱ ነው የሚሰጠው። ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጨረርም አለው። ንጹሕ የምንጭ ውሃ በቧንቧ የሚሳበው ለአንድ መንደር ብቻ ስለነበር፣ ይበልጥ የተጎዳው ይቅደም ተባለ። ወይ እኛ፣ ወይ ከገደሉ ማዶ ያሉት።

ናሙናውን ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ ጫማው የሚያበራ ወጣት ባለሙያ፣ ራሱ ወሰደ። ፓምፑን እያስነቀነቀ ውስጡ የቆየውን ውሃ መሬት ላይ አስፈሰሰ፤ የቀጂዎቹ አንጀት አረረ። ከዚያ ጠርሙሱን ሞላ፣ አሲድ ጠብ አደረገበትና ከደነው። የእኔ ሥራ ቤት ለቤት እየዞርሁ ሰው በቀን ስንት ውሃ እንደሚጠጣ መጠየቅ ነበር።

"ላቦራቶሪው የሚያገኘውን፣ ሰው በሚጠጣው እናባዛዋለን" አለኝ። "የሚደርስበት ጨረር የሚታወቀው እንደዚያ ነው። የነገሩሽን ብቻ ጻፊ፤ ከራስሽ አትጨምሪ።"

መጀመሪያ ከባለሙያው ጋር የገባነው ጎረቤታችን ሽማግሌው ዘንድ ነው።

"አባባ፣ በቀን ስንት ጣሳ ውሃ ይጠጣሉ?"

"ውሃ?" ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ምን በደልሁሽ? በቤቴ ጠላ ጠፋ ብሎ ማን ነገረሽ?"

"ለጥያቄው ነው እንጂ..."

"ውሃ የምትጠጣው በቅሎዬ ናት። እሷን ጠይቂያት።"

ባለሙያው ሳቀ። እኔ ዜሮ ጻፍሁ።

ቤቱ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። የኛ ሰው እንግዳ ፊት "ውሃ ነው የምጠጣ" አይልም፤ ገብስ የለኝም ማለት ነውና። ቅጹ ላይ ደግሞ ስለ ጠላ የሚጠይቅ መስመር የለም። ጠላው በዚያው ፓምፕ ውሃ እንደሚጠመቅ ቅጹን ያዘጋጁት አላሰቡትም። እኔ አስቤዋለሁ። ሥራው እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ዝም አልሁ።

መጨረሻ የደረስነው እኛ ቤት ነው። ያን ዓመት ገብሳችንን በረዶ መትቶት፣ ጋናችን ከተደፋ ወራት ሆኖት ነበር። እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ነው የምትጠጣ፤ ጀሪካኑን የምሸከመው እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ። ባለሙያው በሩ ላይ ቆሟል። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ውሃ አንጠጣም" አለች። "እኛ ቤት ጠላ አይጠፋም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ "አዋርጂኝና እንተያይ" ይላል።

ለእናቴም ዜሮ ጻፍሁላት። ለሷ ክብር ብዬ ብቻ አይደለም። ያ ጫማው የሚያበራ ልጅ ድህነታችንን እንዳያይብኝ ነው።

ውጤቱ ከወራት በኋላ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነበበ። የኛ ውሃ ዩራኒየም ከማዶው ይበልጣል። ይሁን እንጂ "የነዋሪው የቀን የውሃ ፍጆታ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ" የሚደርስብን ጨረር ትንሽ ነው፤ ቧንቧው ለማዶ ይሁን። ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ነው፤ ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያሻም። ማዶዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ ጠላ አይጠምቁም፤ የሚጠጡትን ውሃ ውሃ ብለው ተናገሩ። አልቀየማቸውም።

ሽማግሌው ተነሡ። "ታዲያ ጠላው በምን ይጠመቃል? በምራቃችን?"

ሰው ሳቀ። ቃለ ጉባኤ ያዡ አልጻፈውም።

በማግሥቱ የወረዳው ውሃ ቢሮ ሄጄ ቅጹ ተሳስቷል አልሁ።

"ማን ነው የሞላው?" አለኝ ኃላፊው።

"እኔ።"

"ፊርማሽ አለበት?"

"አለበት።"

"ታዲያ ምን እናድርግሽ?"

ቧንቧው ማዶ ገባ። የቀጂዎቹ ሳቅ ወዲህ ይሰማል፤ ገደሉ ግን ጀሪካን አዝለው የሚወጡት አይደለም። እኔ ያንኑ ፓምፕ እነቀንቃለሁ። እናቴ ሰው ሲገባባት የውሃ ጣሳዋን መደቡ ሥር ትገፋዋለች።

ትናንት ስትጠጣ አየኋት።

"ምን ታፈጪብኛለሽ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኋት።

አምስተኛ ጣሳዋ ነበር።