ገለባው የዘጋው ቱቦ

ዝናብ መፍራት የጀመርኩት በስተርጅና ነው። ድሮማ ጅማ ተወልዶ ዝናብ የሚፈራ ሰው ምን ሊሆን ነው እያልኩ እስቅ ነበር።

ቤታችን ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ዝቅ ካለው በኩል ነው። በየመንደሩ ኮብልስቶን በሚነጠፍበት ዘመን እኛም ጋ ተነጠፈ። መንገዱ ከፍ ሲል ቤቶቻችን ጉድጓድ ውስጥ የቀሩ መሰሉ። ድሮ ከደጄ ወደ መንገድ እወርድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እወጣለሁ። ለውሃው በዳር በዳሩ ቦይ ተቆፈረ፣ በየደጃፉ መሻገሪያ ሥር ቱቦ ተቀበረ። በስብሰባ ጠርተው ሁሉም በደጁ ልክ እንዲያጸዳ ነገሩን። አንዷ ተነስታ "ቱቦው ውስጥስ ማን ይገባል?" ብትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሰብሳቢውም ሳቀ። መልስ የሰጣት ግን የለም።

ጎረቤቴ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሙስሊም እናት ናቸው። አዴ ነበር የምላቸው፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የሚከበርበት ጥሪ ነው። ጣሪያችን አንድ ነው፣ በመሀላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ውሃው ከእኔ ደጅ አልፎ ወደ እሳቸው ይወርዳል። አዴ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ መውጣት ስላቃታቸው ፍራሻቸው መሬት ላይ ነበር። ልጃቸው ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ስትወጣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች። አልፈረድኩባትም። አንድ ቀን በሩ ክፍት ቢገኝ ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፈው የሄዱ አሉ።

እኔ ደግሞ ቤት መዋል አይሆንልኝም። ለቅሶ ነው፣ ጠበል ነው፣ ሥራ ሲገኝም ቡና ለቀማ ነው፤ ብቻ እግሬ አያርፍም። ያን ክረምት ደጄ ጭቃ ሆኖ አላስወጣ አላስገባ አለኝ። ቡና መፈልፈያው ጋ የቡናው ገለባ እንደ ተራራ ተከምሮ ውሰዱልን ይላሉ። ሦስት ጆንያ ሙሉ አስመጥቼ ከደጄ እስከ ቦዩ አፍ ድረስ ነሰነስኩት። ጭቃው ጠጠር አለልኝ።

"ምንድነው የምትበትኚው?" አሉ አዴ ከፍራሻቸው ሆነው በበራቸው ስንጥቅ አይተው።

"ገለባ ነው አዴ።"

"ዋ! ውሃ ይወስደዋል።"

"ሰው ሲረግጠው ይጠቀጠቃል።"

"ማን ሊረግጥልሽ? አንቺ እንደሆንሽ ቤት አትውዪ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ያልሰማኋቸው እያሳቁኝ ነው።

በሳምንቱ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ የራሴን ድምፅ እንኳ አላሰማኝም። በበሩ ቀዳዳ ደጄን ሳይ ውሃው ቁልቁል ይሄዳል፣ ወደ እኔ አይመለስም። እሰይ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሰይ ነው ያልኩት።

አዴ ሲፈልጉኝ ግድግዳውን በከዘራቸው ሁለቴ መምታት ልማዳቸው ነው። ያን ቀን ሁለቴ መቱ፣ ሦስቴ መቱ፣ ጭራሽ አላቋርጥ አሉ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ "ቢሻን! ውሃ! ውሃ ገባ!" ይላሉ።

ወጣሁ። በእሳቸው ደጅ ያለው ቱቦ አፉ ተዘግቶ ቦዩ ሞልቷል፤ ጎርፉ ደፉን ተሻግሮ በበሩ ሥር ይገባል። በሩን ገፋሁት፣ ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ከሱቁ ጣሪያ ሥር ቆሟል።

"ና ስበርልኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"የሰው ቁልፍ ሰብሬ ሌባ ልባል እማማ? ልጅቷ ትምጣ እንጂ!"

"እስክትመጣ አዴ ይሞቱልሃል! መነሳት አይችሉም!"

ይህን ሲሰማ ብረት ሊያመጣ ገባ። እኔ ተንበርክኬ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ውሃው ውስጥ ሰደድኩ። እጄ የነካው ድንጋይ መስሎኝ ነበር። ስጨብጠው እንደ ራሰ ሱፍ ተለጠጠ። ገለባ ነው። የእኔ ገለባ።

 በጎርፉ ከመወሰዴ ይልቅ ያስፈራኝ የአዴ ድምፅ ነበር። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያሉ ሲለምኑ የነበረው እየራቀ እየራቀ መጣና ጠፋ። በጥፍሬ ቧጠጥኩ፣ እፍኝ ሳወጣ ሌላ እፍኝ ይመጣል። "አዴ! አዴ!" እያልኩ መቧጠጤን ቀጠልኩ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጓል ተነቀለና ውሃው እንደሚጉመጠመጥ ሰው ድምፅ አሰምቶ ወረደ። ባለሱቁም በዚያው ቅጽበት ቁልፉን ገነጠለው።

አዴ ከግድግዳው ጥግ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ውሃው ጡታቸው ድረስ ደርሷል። ከዘራቸውን እንደጨበጡ ያዩኛል። ሻሻቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ፣ በየቦታው ገለባ ተለጥፏል። ባለሱቁ አቅፎ እኔ አልጋ ላይ አስተኛቸው።

የቧንቧ ቆጣሪው እኔ ግቢ ነው፣ ለሁለት ነበር የምንከፍለው። ያን ቀንና ማግስቱን ጭቃውን ለማውጣት ቧንቧው ሳይዘጋ ዋለ። የጎርፉን ውሃ ማንም አላስከፈለንም፤ እሱን ለማጠብ ያፈሰስነውን ግን ቆጣሪው ጠብታ ሳይስት ቆጠረው። የዚያን ወር ሂሳብ ለብቻዬ ከፈልኩ። ልጅቷ "እማማ፣ እንዴት ሆኖ?" ስትለኝ "ተይው" ከማለት በቀር ምክንያቱን አልነገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን ከቀበሌ አንድ ሰው ደብተር ይዞ መጣ። ቱቦውን አየና ወደ ልጅቷ ዞረ።

"ይኼ በእናንተ ደጅ ነው። የማጽዳት ኃላፊነቱ የእናንተ ነው፤ ትቀጫላችሁ።"

"እኔ መንገዱን አሠራሁት?" አለች፤ ዕንባዋ መጣ። "እናቴን ልገድል ነበር እያልከኝ ነው?"

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ብናገር አዴ ከእንግዲህ ፊቴን አያዩም ብዬ ፈራሁ። ከእሳቸው ሌላ ዘመድ የሚሆነኝ ጎረቤት የለኝም። ዝም ብል ደግሞ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ እናቴን ያሰመጥኩ እኔ ነኝ እያለች ልትኖር ነው።

"ገለባው የኔ ነው" አልኩ። "ቱቦውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ጻፈኝ።"

ልጅቷ አየችኝ። ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከውስጥ፣ ከእኔ አልጋ ላይ፣ አዴ ተጣሩ።

"አላወቅኩም መሰለሽ? ገለባሽን ከጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር ነው ያወጣሁት!" አሉኝ። ከዚያ ልጃቸውን "አንድ ቁልፍ አስቀርጪና ለእሷ ስጪ። ያሰመጠችኝ እሷ ናት፤ እሷው ታውጣኝ" አሏት።

ሰውየው ምን እንደሚጽፍ ግራ ገባው። እኔም ይቅርታ ይሁን ቅጣት እስካሁን አልለየሁትም።

ቁልፉን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። እግሬም ከዚያ ወዲህ ያረፈ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ከእኛ ራቅ ያለው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ድንኳኑ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። ብድግ አልኩ።

"እማማ፣ ንፍሮ እንኳ ሳይቀምሱ?" አሉኝ።

 ባጃጅ አጣሁና በእግሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ግማሹን እየሮጥኩ መጣሁ። ደጃቸው ስደርስ ደመናው አልፏል። ቁልፉን ከነጠላዬ ጫፍ ፈታሁ። ስከፍት አዴ ፍራሻቸው ላይ ደህና ናቸው።

"ምን ሆነሻል? ዝናቡ የታለ?"

"መጣሁ ብሎ ቀረ።"

"እንግዲያው ተቀመጪ፣ ትንፋሽሽ ይመለስ።"

ተቀመጥኩ። አዴ የባጡን የቆጡን ያወሩልኛል፤ እኔ ደግሞ እሺ፣ እሺ እያልኩ ጣሪያውን አዳምጣለሁ።