ችግር የለም የሚለው ማመልከቻ

ትርሲት የምሥራቹን የሰማችው ዓሣ ይዛ እንደቆመች ነው።

ሀራሙስ በሚባለው የጅቡቲ ሀብታሞች ሰፈር፣ ባሕሩ ከበረንዳው ሥር እንደ ጠገበ ድመት በሚያንኮራፋበት ቪላ፣ አሠሪዋ ማዳም እንግዶች ጋብዛ ነበር። ትርሲት ትልቁን ዓሣ በሳሕን ይዛ ጎንበስ ስትል፣ መነጽር ያደረገ አንድ ሰውዬ በፈረንሳይኛ፣ "ገንዘቡስ አለ፤ ያጣነው የምንሰጠው ማኅበር ነው" ሲል ሰማችው። በዚህ ከተማ አሥራ አራት ዓመት ስትኖር ብዙ ጉድ ሰምታለች። ሰጪ፣ ተቀባይ አጥቶ ሲጨነቅ ግን ሰምታ አታውቅም። ዓሣው ሳሕኑ ላይ ተንሸራቶ ሰውየው ጭን ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው።

"ፓርዶን" አለ ሰውየው፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

"ኧረ ፓርዶንስ የኔ ነው" አለች ትርሲት። ልቧ ግን ከዓሣው ቀድሞ ዘሎ ነበር።

ጅቡቲ የገባችው በ1990 ዓ.ም. ከድሬዳዋ በባቡር፣ አንድ ፌስታልና የአክስቷን አድራሻ ይዛ ነው። አድራሻው ነበረ፤ አክስቷ ግን ከለቀቀች ቆይታለች። ስሟን እንኳ በቅጡ ያልጠየቀቻት አንዲት አትክልት ሻጭ ሦስት ቀን አስጠግታት፣ በአራተኛው ቀን ሥራ አገኘች። ያቺን ሴት ዳግመኛ አላየቻትም። ውለታዋን የምትመልስላት ብታጣ፣ ከዓመታት በኋላ ከሰባት የሙያ ጓደኞቿ ጋር ካርቲዬ አራት በሚባለው የድሆች ሰፈር አንድ ሰፊ ክፍል ተከራየችና ከቀጣሪዎቻቸው ቤት ለሚባረሩና ለሚታመሙ የቤት ሠራተኞች ማረፊያ አደረገችው። "መጠጊያ" አሉት። ማኅበሩ ሕጋዊ ወረቀት አለው፤ ማኅተምም አለው። ከንብረቱ ሁሉ አዲሱ ማኅተሙ ነበር።

የቤቱን ጣሪያ "ጣሪያ" ብሎ ለመጥራት ግን ይሉኝታ ያስፈልጋል። ጨዋማው የባሕር አየር ቆርቆሮውን እንደ ብስኩት ቆርጥሞታል። ባለፈው ዓመት ካምሲን የሚባለው እሳት የሚተፋው ነፋስ በነፈሰ ሰሞን፣ ፀደይ የምትባል የወሎ ልጅ በቀትር ራሷን ስታ ወደቀችና አሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ያን ጊዜ ትርሲት በማርያም ስም ማለች፦ "ይኼ ጣሪያ ካልተቀየረ ሌላ ካምሲን ሰው እዚህ አላስተኛም። ቤቱን እዘጋዋለሁ።" ቤቱ ሲዘጋ ፀደይና እዚያው አብረዋት የተጠጉት ሁለት ጓደኞቿ የት እንደሚገቡ ግን በመሐላው ውስጥ አልነበረም። እነሆ ሚያዝያ ሆነ፤ ካምሲን የሁለት ወር መንገድ ነው የቀረው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ስለ መጠጊያ ነግራት ነበርና፣ በማግሥቱ ማዳም ከሰውየው የተላከ ቅጽ ሰጠቻት። አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ሁሉም በፈረንሳይኛ። የትርሲት ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው። ሽንኩርትን ያውቃል፣ ጨውን ያውቃል፤ "ዘላቂነት" የሚሉትን ነገር ግን ቀምሶት አያውቅም። ስለዚህ ቅጹን በነጠላዋ ጠቅልላ ምኒልክ አደባባይ፣ ጋሽ ሰብስቤ ከሰዓት በኋላ ከማይጠፋበት ካፌ ሄደች። ጋሽ ሰብስቤ ወደብ ላይ ሠላሳ ዓመት ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስወጣ የኖረ ትራንዚተር ነው። አንድም ኮንቴይነር ተይዞበት አያውቅም፤ ይህንንም የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም፤ እሱ ራሱ ይነግራላ።

"ጥያቄ ሦስት" አለ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ። "'ማኅበሩ ያለበትን ችግር በዝርዝር ያስረዱ' ይላል።"

ትርሲት ዙሪያዋን ቃኘች። "ቀስ በል እንጂ ጋሽ ሰብስቤ! ሰው ይሰማል።"

"ምን ልበል ታዲያ?"

"ማን ነው የሚያነበው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! የማታውቂው ሰው ነዋ።"

"ለማላውቀው ሰው ገበናዬን ልዘርዝር? እናቴ ጦሟን አድራ እንኳ ጎረቤት ሲጠይቃት 'ተመስገን፣ ጠግበን አደርን' ነበር የምትለው።"

"የጨዋ ልጅ!" አለ ጋሽ ሰብስቤ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። "እኔም በሙያዬ የምመክርሽ ይኸንኑ ነው። ወረቀት ላይ 'የተሰበረ አለው' ካልሽ ዕቃው ይያዛል። ይፈተሻል። ፀሐይ ላይ ይከርማል። 'ያለ አንዳች ጉዳት' በይና፣ በማግሥቱ የጋላፊን ኬላ አልፎ አገሩ ይገባል።"

እናም ባማረ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ጻፈ፦ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማኅበሩ ምንም ችግር የለበትም።"

ጥያቄ ሰባት፣ የአካባቢው ሰው በራሱ የሚያዋጣው ነገር ካለ ይገለጽ የሚል ነበር። ጋሽ ሰብስቤ በነገር አዋቂ ፈገግታ ፈገግ አለ። "ይቺ የታወቀች ወጥመድ ናት። ያስመዘገብሽው ሁሉ ይቀረጣል።" "ምንም" ብሎ አለፈ። መጨረሻ ላይ ማኅበሩ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አንዲት ቃል አሰፈረ፦ "ጣሪያ።" ትርሲት ማኅተሙን አሥራ አንዱም ገጽ ላይ መታችበት፤ ሁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ።

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ።

"ዙለይካ እባላለሁ" አለች ሴትየዋ በድሬዳዋ አማርኛ፤ ጅቡቲያዊት ብትሆንም ድሬ አያቶቿ ዘንድ ነው ያደገችው። "አንቺ ነሽ ትርሲት? ማመልከቻሽን አንብቤዋለሁ። እዚህ ሥራ ላይ አራት ዓመቴ ነው፤ ችግር የሌለበት ማኅበር ገጥሞኝ አያውቅም። መጥቼ በዓይኔ ባላየው ይቆጨኛል። ሐሙስ አራት ሰዓት እመጣለሁ።"

ትርሲት ይህን ምስጋና አድርጋ ወሰደችው።

"እንግዳ ሊመጣ ነው!" አለች፤ ይቺ ቃል ካርቲዬ አራትን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቀሰችው። ጎረቤቷ ሀጀራ ለበዓል ብቻ የምትዘረጋውን ቀይ ምንጣፍ አወጣች። ጫት ሻጯ ቬንትሌተሯን ላከች። የሠርግ ዲኮር የሚያከራየው ከይረዲን ወንበር አመጣ፤ ወንበሮቹን ደርድሮ ሲያበቃ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"እትዬ ትርሲት፣ ምንጣፉ አማረ፤ ላይኛው ግን ያሳፍራል። ሙሽራ ቤት የምወጥረው ጨርቅ አለኝ። ልወጥርልሽ?"

ወጠረው። የወርቅ ቀለም ኮከብ የተበተነበት ነጭ ጨርቅ ከግድግዳ ግድግዳ ተዘረጋና፣ ያ ሁሉ ዝገት፣ ያ ሁሉ ቀዳዳ፣ አሥራ አንድ ገጽ የተጻፈለት ያ ጣሪያ ከዓይን ተሰወረ። ትርሲት ከሥሩ ቆማ አፏን ከፍታ ቀረች። ሳቅ ሳቅ አላት። አንድም ሰው፣ እሷም ብትሆን፣ የሸፈኑት የለመኑትን መሆኑ ትዝ አላለውም።

"ፀደይስ?" አሏት ጎረቤቶቿ። ፀደይና ጓደኞቿ ከስተዋል፤ ፍራሻቸውም ቀዳዳ ነው። እንግዳ ፊት እንዴት ይቀመጣል! ረቡዕ ማታ ሦስቱንም ከነፍራሻቸው ሀጀራ ቤት ደበቋቸው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ዙለይካ መጣች። ረጅም፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ሁሉን ቀስ ብላ የምታይ ሴት ናት። ትርሲት ከሌሊቱ ተነስታ የጠበሰችውን ሳምቡሳ አቀረበች። ዙለይካ አንድ በላች፤ ሁለት በላች፤ አምስተኛው ላይ ማስታወሻዋን ከፈተች።

"ቤቱ ያምራል" አለች። "ከኛ ቢሮ ይሻላል። ሠራተኞቹ የሚያርፉት እዚህ ነው?"

"አዎ፣ እዚሁ ነው።"

"የት አሉ ታዲያ?"

"ሁሉም ደኅና ናቸው" አለ ጋሽ ሰብስቤ። "አንዳች ጉዳት የለም።"

ዙለይካ ወደ ኮከቦቹ ቀና አለች። "ጣሪያ ነው የጠየቃችሁት አይደል? እኔ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ ከራሴ ሠርግ ወዲህ ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።" ብዕሯን ከደነችው። "እኅቴ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን ሆዳን ሰፈር ውስጥ በካርቶን የተሸፈነ ቤት አይቼ ነው የመጣሁት። ለእነሱ ትቼ ለአንቺ ብሰጥ አላህም ይታዘበኛል።"

ትርሲት ውስጧ ሲቀዘቅዝ ተሰማት፤ በዚያች ከተማ፣ በግንቦት። አፏን ከፈተች። የእናቷ ጨዋነት ግን ቀደማት። "ተመስገን ነው" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

በሩ የተንኳኳው ይኼኔ ነው።

"ያ ትርሲት!" አለች ሀጀራ እየገባች። "አማቾቼ ከአሊ ሳቢዬ ከተማ ሳይነግሩኝ ዱብ አሉብኝ! ምንጣፌን አምጪ። ወላሂ ባዶ ወለል ላይ ላስቀምጣቸው ነው። እነዚህን ልጆችሽንም ውሰጂልኝ፤ ማን በምን ላይ ይቀመጥ!" ከኋላዋ ፀደይና ሁለቱ ጓደኞቿ ፍራሻቸውን በራሳቸው ተሸክመው እንደ ሰርከስ ተከታትለው ገቡ። ሀጀራ የምንጣፉን ጫፍ ያዘች። ዙለይካ እግሯን አነሳች። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ሄደ።

"ምንጣፉን ለማሳጠብ ነው" አለ ጋሽ ሰብስቤ።

ቃሉ ሳያልቅ ከይረዲን መሰላል ተሸክሞ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ደረሰ። "ይቅርታ እትዬ ትርሲት፣ ይቅርታ እኅቴ። የዛሬዋ ሙሽራ እናት ዲኮሩ አሁን ካልተሠራ አለች። ጫቱ ሰባት ሰዓት ይደርሳል፤ ጫት ከደረሰ በኋላ መሰላል ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ከየት አመጣለሁ?"

"ከይሩ፣ ትንሽ ብቻ ታገሠኝ!"

"ጫት ይታገሣል እንዴ?"

ወጣ፤ ፈታ፤ ጨርቁ እንደ ደከማት ርግብ ቀስ ብሎ ወረደ።

ፀሐይም ገባች። በመቶ ቀዳዳ ገባች። ብርሃኑ በወለሉ፣ በግድግዳው፣ በሳምቡሳው ሳሕን፣ በዙለይካ ነጭ ሻሽ ላይ ተበተነ። ከይረዲን የወርቅ ኮከቦቹን ጠቅልሎ ሲወስድ ሰማዩ በጠራራው የራሱን ኮከቦች አወጣ። ጠብታ የምታህል ዝገት ከላይ ወርዳ ዙለይካ ማስታወሻ ላይ ጠብ ብላ አረፈች።

"ይሄስ ምንድን ነው?" አለች ዙለይካ።

"አየር ማስገቢያ ነው" አለ ጋሽ ሰብስቤ፣ በሠላሳ ዓመት ልምዱ።

ያን ጊዜ ትርሲት ሳቀች። መጀመሪያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ከዚያ ነጠላው አልበቃ ብሏት። ዙለይካም ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ፀደይ ፍራሿን አስቀምጣ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ በእግሯ ጣት ነካች።

"የወደቅኩት እዚህ ጋ ነው" አለች። "አምና፣ በካምሲን። እትዬ ትርሲት ተሸክማኝ እስከ አስፋልቱ ሮጠች። እሷ አትናገርም እንጂ።"

ዙለይካ ቅጹን አወጣችና ጥያቄ ሦስት ላይ ያለችውን ባማረ እጅ ጽሕፈት የተጻፈች ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ሰረዘቻት። ጋሽ ሰብስቤ የራሱ ቆዳ የተሰረዘ ያህል ዓይኑን ጨፈነ።

"ንገሪኝ" አለች ዙለይካ።

ትርሲት ነገረቻት። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ በድምፅዋ፤ ስሟን እንኳ ሳትጠይቅ ያስጠጋቻትን አትክልት ሻጭ ሳይቀር፣ መሐላዋን ሳይቀር። ዙለይካ ጽፋ ስትጨርስ ወደ ጥያቄ ሰባት ወረደች።

"'የአካባቢው ሰው የሚያዋጣው፦ ምንም።' ይኼንን ማን ነው ያለው? ምንጣፉ የማን ነበር?"

"የሀጀራ።"

"ወንበሩ? ጨርቁ? ቬንትሌተሩ?"

ሀጀራ ስሟ ሲጠራ ከነምንጣፏ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። "ምንጣፌን ልትመዘግቢው? ነጮቹ መጥተው ሊወስዱት!"

"አይወስዱትም። ጎረቤት ረድቷል ብዬ ነው የምጽፈው። ጎረቤት የሌለው ማኅበር ገንዘብ አያገኝም።"

ሀጀራ ለአፍታ አሰበች። "እንግዲያው ሻሂውንም ጻፊ። ትናንት ስኳር ሰጥቻታለሁ፤ ስኳሩንም። ልጆቹንም ሦስት ቀን አሳድሬያለሁ።"

"አንድ ቀን ነው፣ ሀጀራዬ" አለች ትርሲት።

"ነገም ሊያድሩ ይችላሉ!"

"የኔንም ጻፊ!" አለ ከይረዲን ከውጭ፣ ጨርቁን ትከሻው ላይ እንደጠቀለለ። "ኮከቡ በእጅ የተሰፋ ነው በይ!"

ጥያቄ ሰባት ከቅጹ አልፋ በጀርባው ዞረች።

ካምሲን ግን ቅጽ አይጠብቅም። ሰኔ ላይ ነፈሰ፤ ጣሪያው የመጣው ሐምሌ አጋማሽ ነው። ትርሲት እንደ ማለችው ቤቱን ዘጋችው፤ ፀደይና ጓደኞቿም ያን ሁሉ ሳምንት ሀጀራ ዘንድ ከረሙ። "ምን ላድርግ" አለች ሀጀራ ለጠየቃት ሁሉ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ "ወረቀት ላይ ተጽፌያለሁ።"

የምረቃው ቀን ዙለይካ ያንን መነጽር ያደረገ ሰውዬ ይዛ መጣች። ገና ሰው ሳይሰበሰብ ከይረዲን ጨርቁንና መሰላሉን ተሸክሞ ደረሰ።

"በነጻ ነው፣ እትዬ ትርሲት። ለዛሬ እንኳ ቤቱን ሙሽራ እናስመስለው።"

ትርሲት በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። "ከይሩ፣ ጨርቅህን ይዘህ ተመለስ። ዛሬ ማንም አይሸፍንብኝም።"

ቀኑን ሙሉ እንግዶቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠው ዋሉ፤ ከላያቸው ምንም ያላጌጠ፣ ምንም ያልተቀባ፣ ሚስማሩ ሳይቀር የሚታይ አዲስ ቆርቆሮ ነበር። ትርሲት ሳምቡሳ እያዞረች ለእያንዳንዳቸው፣ "እዩት፣ እዩት እንጂ" ትላለች። መነጽራሙ ሰውዬ ሊያየው ቀና ሲል ሳምቡሳው ከእጁ አምልጦ ጭኑ ላይ አረፈ።

"ፓርዶን" አለ።