መስመር የሌለው አሻራ

መሪየምን እልኸኛ ይሏት ነበር። አዎ፣ እልኸኛ ናት፤ እሰየው! እሷ ባትኖር እኔ ዛሬም ውሸት የጻፈ እጄን ይዤ እኖር ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ ባሕር ዳር ሥራ እንደያዝኩ፣ ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። መሪየም ያን ጊዜ ጣና ዳር ዓሣ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ወንድሟ ሙሀመድዘይን በታንኳ ያጠምዳል፤ እሷ ከሌሎቹ የዳር ሴቶች ጋር ትሰነጥቃለች፣ ታጥባለች። ከማጠቢያቸው በላይ ቆዳ የሚያለፋ አንድ ማኅበር ነበር። ቆዳ የዘፈዘፈበትን ውሃ በቦይ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይለቀዋል። ቦዩ የሚገባበት ዳርቻ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ቢጫ ሆነ፤ ልጆቹን ተቅማጥ አልለቅ አላቸው፤ የሴቶቹ እጅ ተላጠ። መሪየም ወንዛዬ ፍል ውሃ ሁለት ሳምንት ተቀምጣ እጇ ዳነላት። ተመልሳ ሥራ በጀመረች በሳምንቷ እንደገና ተላጠ። ያኔ ነገሩ ገባት።

ማን ይስማት! ማኅበሩ በየስብሰባው የሚጨበጨብለት፣ የቀበሌው የዓይን ብሌን ነበር።

አንድ ጠዋት ቦዩ አፍ ላይ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ተገኘ። ሊቀመንበራችን ጓድ አለበል ነገሩን በአንድ ቃል ቋጨው፤ “ብርብራ!” የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ እንደሚያሰክር በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ ክልክል መሆኑንም እንዲሁ። ሙሀመድዘይን ሐይቅ ላይ ስላደረ “አሻጥረኛ” ተብሎ ታሰረ። እኔም “በብርብራ የተፈጸመ አሻጥር” ብዬ ጻፍኩ። አላየሁም፤ ግን ጻፍኩ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤቱ ስለ መመለሱ ማንም ዋስ አይሆንም ነበር።

እሑድ ስብሰባ ላይ መሪየም ሦስት ሳፋ፣ አንድ እንስራ ሙሉ ሕይወት ያለው ዓሣ አስይዛ መጣች።

“ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” አለ አለበል።

“ዳኛ ነው ያመጣሁልዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። የቦዩን ውሃ የርስዎ ጥበቃ ይቅዳው። እኔ ብቀዳው ድግምት አለበት ትላላችሁ።”

ጥበቃው አፍንጫውን ይዞ ቀድቶ አንዱን ሳፋ ሞላ። ሌሎቹ ሁለቱ ከሩቅ የመጣ ንጹሕ ውሃ ነበረባቸው። መሪየም የሻሿን ጫፍ ፈታች፤ የቋጠረችውን ዱቄት አንደኛው ንጹሕ ውሃ ላይ በተነችው። ብርብራ ነበር፤ ያውም በአደባባይ!

ከእንስራው ዓሣ አውጥታ ብርብራው ላይም የቦዩ ውሃ ላይም ጨመረች፤ በሁለቱም ዓሦቹ ተገለበጡ። መጀመሪያ ብርብራ የቀመሱትን አንሥታ ወደ ሦስተኛው ሳፋ ጨመረች። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ጭራውን ነቀነቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቀጥላ የቦዩን ዓሦች ጨመረች። ጠበቅን፤ ጠበቅን። አልነቁም።

“ብርብራ ያሰክራል፤ የሰከረ ይነቃል” አለች። “እኔ ጉማራ ወንዝ ዳር በብርብራ የተያዘ ዓሣ በልቼ ነው ያደግሁ። ወላሂ፣ እጄ ተልጦ አያውቅም!”

አለበል ዘሎ ተነሣ። “እንግዲያው ብርብራው ያንቺ ነው!”

“የኔ ነው። እሰሩኝ፤ ወንድሜን ፍቱት።” ወደ እኔ ዞረች። “አንተም ያየኸውን ጻፍ። ያላየኸውንማ ጽፈኻል።”

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያ ጻፍኩ። አለበል “ሰርዝ!” ሲለኝ፣ “ሁሉም ያየው ነው፣ ጓድ” አልኩት። ሃያ ሦስት የዳር ሴቶች ተሰልፈው ቃለ ጉባኤው ላይ አሻራቸውን አኖሩበት። ሙሀመድዘይን ተፈታ፤ መሪየም በሱ ፈንታ ገባች።

ቦዩ እንዲዘጋ ብዬ ወረቀቱን አውራጃ ወሰድኩት። ሹሙ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰልኝ። “ይህን አሻራ ትለዋለህ? የቀለም ጠብታ ነው እንጂ! አንድም መስመር የለው። ሃያ ሦስት ሴት ብለህ በእንጨት አትመህ መጣህ?”

እኔ ያን ቀን ተስፋ ቆረጥኩ። መሪየም ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ በተፈታች ማግሥት ሴቶቹን ሁሉ ከማጠቢያው እጃቸው ሳይደርቅ አስነሥታ፣ እኔንም አስከትላ፣ ሹሙ ቢሮ ገባች። በፊቱ አንድ በአንድ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ ተጫኑ። አንድ ጥቁር ጠብታ፣ ሌላ ጥቁር ጠብታ። ሹሙ የአንዷን አውራ ጣት ይዞ ተመለከተ፤ ቆዳው ተልጦ እንደ ድስት ቂጥ ለስልሷል። መጨረሻ ላይ መሪየም የራሷን ተጫነች። እንደ እርሻ ትልም የጠራ መስመር ወጣ።

“ያንቺ እኮ አለው!” አለ ሹሙ።

“እኔማ ታስሬ ዳንሁ” አለችው። “እነሱ ነጻ ስለሆኑ እዚያ ውሃ ውስጥ ናቸው። ወይ ቦዩን ይዝጉልን፣ ወይ ሁላችንንም እሰሩን።”

ሹሙ የቀለሙን ሣጥን ከደነ። ኮቱን አነሣና፣ “ቦዩን አሳዩኝ” አለ።