ሁለት ቁልፍ፣ አንድ እጅ

አጎቴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። እኛ ቤት «ግትሩ» ነው የምንለው፤ ስሙን አክብሮ ይኖራል። አምና ስትሮክ መቶት ግራ እጁ ከዳው። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ጫማውን ታስርለታለች፣ ዳቦውን ትቆርስለታለች፤ እሱ ግን አንድም ቀን «እርጂኝ» ብሎ አያውቅም። እሷ በግምት ትሠራለች፣ እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እኔን ያበሽቀኛል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ደንበኛ የውሃ ፓምፑን መቆጣጠሪያ አመጣ። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሲሞላ ፓምፑን የምታጠፋ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ናት። የምትሠራበት ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉት፣ ስላረጀ ታንከሩ ሞልቶ ይፈስ ነበር። መታደስ አለበት።

እኔና ሚስቱ ሱቁ ውስጥ ሆነን እያየነው፣ አጎቴ ቦርዷን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘና፣ «ይቺ ካቃተችኝ ሱቁን እዘጋለሁ» አለ።

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። ሚስቱ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ሱቁ ከተዘጋ ሰውየውም እንደማይሰነብት ታውቃለች።

ቦርዷ አዲስ ፕሮግራም የምትቀበለው አንዱን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ሌላውን ነካ ሲያደርጉ ነው። ሁለቱም በሳጥኑ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቀዋል፤ ያለ ቀጭን ሽቦ አይደረስባቸውም። አጎቴ አንዱን ሽቦ በቀኝ እጁ ያዘ፣ ሌላውን በጥርሱ ነክሶ አጎነበሰ። ሳጥኑ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ዱብ አለ፣ ገመዱም ተነቀለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

«እኔ ልያዝልህ ጋሼ?» አልኩት።

«አርፈሽ ተቀመጪ!»

ሚስቱ ሳጥኑን አንሥታ፣ ገመዱን መልሳ ሰክታ አጠገቡ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ብትዘረጋቸው ይቆጣል፤ ባትዘረጋቸው ሱቁ መዘጋቱ ነው። እኔ ብሆን ሽቦውን መንጭቄ እወስድ ነበር።

ደግሞ ሞከረ፤ አልሆነም። ሽቦውን ከአፉ አወጣ።

«አንቺ» አላት በመጨረሻ፣ ሳያያት።

«አቤት።»

«እስቲ… ይቺን ያዢልኝ።»

ሽቦውን ተቀብላ ወደ ቀዳዳው አስገባች።

«ጫን በይው። እስክልሽ እንዳትለቂ።»

እሱ ሌላውን ቁልፍ ነካ አደረገ። ላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ ሞላ፤ ቦርዷ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ።

«አልቋል። ልቀቂ በቃ።»

«ትንሽ ልቆይ» አለች። እንባዋ እየወረደ ነበር።

አጎቴ አያት፤ ወደ ግድግዳው አልዞረም።

«ቆዪ» አላት፤ ገመዱንም አልነቀለም።